ያላረፈው ትራምፔት

መርማሪዋ የኦርኬስትራውን የምድር ቤት ደረጃ ወረደች። ከሌላ ሬሳ ገና መመለሷ ነበር። «ወይ ሥራ! እግሬን እንኳ ሳላሳርፍ» ብላ አጉረመረመችና ገባች።

በልምምድ ክፍሉ ወለል ላይ የኦርኬስትራው አንጋፋ ትራምፔት ነፊ ተዘርረዋል። ሰው ሁሉ ጋሼ ትንፋሽ ነበር የሚላቸው። ከኋላ ጭንቅላታቸው የብረቱን መድረክ ጠርዝ መትቶ ተፈንክቷል። ሐኪሙ በስንት ሰዓት እንደሞቱ እርግጠኛ አይደለም። ትራምፔቱ ወንበሩ ላይ ነው። መርማሪዋ አነሣችውና ከነፊው ትንፋሽ የሚጠራቀመውን ውሃ ማፍሰሻዋን ተጫነች፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

በሩ ላይ የሟች የእህት ልጅ በካቴና ታስሮ ቆሟል። እሱም እዚያው ኦርኬስትራ ውስጥ ነፊ ነው።

«የመጨረሻዋን ድምፅ ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁ። ስገባ ወድቀዋል። ማን ያምነኛል?»

«ትናንት ተጣልታችኋል አሉ።»

«የእኛን የነፊዎቹን አነፋፍ በሚያጠናው ዶክተር ስሌት የከንፈሬን ቦታ ቀየርኩና አነፋፌ ተበላሸ። አጎቴ ‹ነገ ለአስተዳደሩ እነግራለሁ› አሉ። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ጮህኩባቸው።»

«እሳቸው እንዴት ነበር የሚለማመዱት?»

«አንድ ረጅም ድምፅ ነፍተው ትራምፔቱን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡና የነፉትን ያህል ያርፋሉ። ‹ከንፈር ሥጋ ነው› ይሉኝ ነበር።»

ከላይ ባለው ክፍል የልጁ እናት፣ የኦርኬስትራው ልብስ ሰፊ፣ መርፌያቸውን እንደያዙ ደርቀዋል።

«እትዬ፣ ጠዋት ምን ሰሙ?»

«ወንድሜ ሲነፋ ነዋ! ልዋሽልሽ እንዴ? ዶክተሩ የኮቱ ቁልፍ ተበጥሶበት እኔው ጋ ቁጭ ብሎ ነበር። ድምፁ ሲያበቃ ልጄ ጮኸ። ወይኔ! በገዛ አፌ አሳሰርኩት!» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«እንዴት ነፉ?»

«ሰሞኑን ሲያስል ነው የከረመው። ዛሬ ግን፣ አቤት! ድምፁን እያከታተለ፣ አንዴም ሳያርፍ ለቀቀው። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ድካሟ ለአፍታ ጠፋ።

ዶክተሩ ተጠርቶ ሲመጣ ኮቱ በደንብ ተቆልፏል።

«የምለካው የከንፈር ማዕዘን፣ የአየር ግፊት፣ የድምፅ ንዝረት ነው» አላት። «ታች ያለው ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ የእኔ ነው። እሳቸው ግን ‹ንፋ፣ ንፋ› ባይ ብቻ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር።»

«እርስዎስ ይነፋሉ?»

«ድሮ ጀምሬ ተውኩት። ጊዜ የለኝም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የልምምድ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ካቴናውን አስፈታችና ትራምፔቱን ለልጁ ሰጠችው።

«እናትህ የሰሙትን ንፋልኝ። እንዳታርፍ።»

ነፋ። አራተኛው ድምፅ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ አየር ብቻ ወጣ። «አልችልም!» አለ ከንፈሩን ይዞ። «አጎቴም አይችሉም። ሳል ይዟቸውማ ጭራሽ!»

መርማሪዋ ትራምፔቱን ተቀብላ ውሃ ማፍሰሻዋን ተጫነች። ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«ትንፋሽ የገባበት እንዲህ ነው። ጠዋት ግን ደረቅ ነበር። ዛሬ ማንም አልነፋውም። እትዬም አልዋሹም፣ ሰምተዋል። ታዲያ ምን ነፋ?» ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረች። «ዶክተር፣ ስልክዎን በፍርድ ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ። ይህን ማጉያ ከሩቅ የሚያዘው እሱ ነው።»

ተጫነችው። ረጅም ድምፅ፣ ወዲያው ሌላ፣ ወዲያው ሌላ። ሳል የለም፣ ትንፋሽ የለም።

«እሱ ነው!» አሉ እናትየው። «ጠዋት የሰማሁት ይሄንኑ ነው!»

«አስቀድመው ገደሏቸው። ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው እትዬ ፊት ቁጭ አሉና ሬሳውን አስነፉት። በቀረጹት ውስጥ እረፍቱ የት ሄደ፣ ዶክተር?»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ቆርጬ ጣልኩት። ዝምታ ምኑ ይለካል?» ድምፁ ወረደ። «ለአስተዳደሩ ነግረው የዕድሜ ልክ ሥራዬን ገደል ሊከቱት ነበር። ኮቴን ጨምድደው ያዙኝ፣ ገፋኋቸው። እንዲሞቱ አልፈለግኩም።»

«ልጁ እንዲታሰርስ?»

ዶክተሩ መነጽሩን ኪሱ ከተተ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው።

«ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉ እናትየው ለማንም ሳይሆን። «እሱ እታች ወድቆ፣ እኔ መርፌዬን ይዤ ደስ ብሎኝ…»

ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትራምፔቱን አነሣና ለአጎቱ አንድ ድምፅ ሊነፋ ሞከረ። ያበጠው ከንፈሩ እምቢ አለው። ደግሞ ሞከረ። እናቱ መጥተው ትራምፔቱን ከአፉ ቀስ አድርገው ወሰዱና ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለት።

«እረፍ፣ ልጄ» አሉት። «እሱም እዚህ ጋ ነበር የሚያርፈው።»

መርማሪዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ስልኳ ጮኸ። አላነሣችውም።