የጋሽ ሚሊሜትር ቀለበት

ጋሽ ሚሊሜትር የሞቱት ከገዛ ቶርኗቸው፣ ከብረት መቁረጫ ማሽናቸው ሥር ነው። ጭንቅላታቸው የማሽኑን ብረት መትቶ፣ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ስልካቸው ኪሱ ውስጥ እንዳለ፣ ወለሉ ላይ ተዘርግተው ተገኙ። በግራ እጃቸው መሐል ጣት ላይ አንድ ጥቁር ቀለበት ነበር። ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ የልብ ምት የሚቆጥር፣ እንቅልፍ የሚለካ፣ ያየውን ሁሉ ወደ ስልክ የሚልክ ዕቃ ነው። ሰውዬው ብረት ሲቆርጡ በፀጉር ስንጣቂ ስለማይሳሳቱ ሚሊሜትር የሚል ስም ወጣላቸው፤ የሞታቸው ምርመራ ግን በክንድ ተለካ።

ቀለበቱ የጋሽ ሚሊሜትር ልብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ቆመ ይላል። በዚያ ሰዓት እሳቸው ከሞቱበት ጓዳ ወዲህ፣ በቶርኖ ቤቱ ትልቁ ክፍል የነበረው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ተማሪዋ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቶርኖ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፣ ግን ሰፈሩ አሁንም «ተማሪዋ» ነው የሚላት። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ «ረቂቁን ሥራ መቼ ነው የሚያሠሩኝ?» ብላ ከጌታዋ ጋር ስትጯጯህ የቤቱ ጥበቃ ሰምቷል። በቃ! በማግስቱ ሬሳውን ራሷ አግኝታ እሪ ብትልም ፖሊስ ያሰረው እሷን ነው። የሦስት ዓመት ልጇን ጎረቤት ወሰደቻት።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያው መርማሪ ፈቃድ ወጣና መዝገቡ በተተኪዋ መርማሪ ጠረጴዛ ላይ ዱብ አለ። ባልደረቦቿ «ገጽ በገጽ» ይሏታል፤ መዝገብ ከዳር እስከ ዳር ሳታነብ ስለማትፈርም።

«ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው፤» አላት አለቃዋ። «ስምንት ሰዓት ላይ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«ሳላነበው?»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ አታድርቂኝ! ቀለበቱ ከነደቂቃው ተናግሮ የለ?»

«እንግዲያው ቀለበቱ ይፈርምልህ።»

አለቃዋ በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ። መርማሪዋ አንደኛውን ገጽ አነበበች፤ ሁለተኛውን ገለጠች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆሽቷ አረረ። ተማሪዋ በተያዘች በመጀመሪያው ቀን የሰጠችው ቃል ነው፦ «ጋሼ ሥራ ላይ ቀለበት አያደርጉም። ጠዋት ሚስማር ላይ ይሰቅሉታል፤ ማታ እጃቸውን ታጥበው ነው የሚያጠልቁት።» ከጎኑ የመጀመሪያው መርማሪ በቀይ እስክሪብቶ «አይመለከተውም» ብሎ ጽፏል።

«አይመለከተውም!» አለች ለብቻዋ፣ ጮክ ብላ። «ይህ ካልተመለከተው ምን ሊመለከተው ነው?»

ለአስከሬን መርማሪው ሐኪም ደወለች።

«ምድጃው ሲነድ ስለዋለ ሬሳው ቶሎ አልቀዘቀዘም፤» አላት። «ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የሞቱት። ከዚያ በላይ ማጥበብ አልችልም ብዬ ጽፌያለሁ። ‹ግድ የለም፣ ቀለበቱ ያጠብብልናል› አሉኝ።»

ወደ እስረኞች ክፍል ወረደች። ተማሪዋ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«አልናገርም፤» አለች ተማሪዋ። «የተናገርኩትን ማን ሰማኝ? ልጄን የሚያመጣልኝ ካለ ያምጣልኝ። ከሌለ ተዉኝ።»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ይህች ሴት ስምንት ሰዓት ላይ ወህኒ ልትወርድ ነው። ወጥታ ታክሲ ያዘች።

የቶርኖ ቤቱ የጋሽ ሚሊሜትር ታናሽ ወንድም እጅ ነው። ብረት ነጋዴ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ነገረ ሥራው ቁጡ። ከግራ እጁ የቀለበት ጣቱ የለም።

«ስንቴ ነው የምከፍተው?» አለ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ። «ለሐዘንም ጊዜ አልሰጣችሁንም እኮ።»

ጓዳው ጠባብ ነው፤ አንድ ለጥቃቅን ሥራ የሚሆን ረቂቅ ቶርኖ፣ አንድ የብረት ማጋያ ምድጃ፣ ወደ ጓሮው ቅያስ የሚያወጣ አንድ በር። ጋሽ ሚሊሜትር ረቂቅ ሥራ ሲይዙ በሩን ይዘጋሉ፤ ማንም አያንኳኳም። ማሽኑ ላይ ግማሹ የተቆረጠ ዘንግ አሁንም በመንጋጋው እንደተነከሰ ነው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችው።

«እንዲህ ያለ ሥራ ማሽኑ ላይ አስነክሰው ትተው እጃቸውን ይታጠባሉ?»

«ወንድሜ?» ወንድምየው ሳያስበው ሳቀ። «ቤቱ ቢቃጠል ቆርጦ ሳይጨርስ አይወጣም።»

«ቀለበቱንስ አድርገውት ይሠራሉ?»

ወንድምየው የጎደለ እጁን ፊቷ ላይ ዘረጋው። «ይህን ያያሉ? የጋብቻ ቀለበቴን አድርጌ ማሽን ነካሁ። ቀለበቱ ተያዘ፣ ጣቴን ይዞት ሄደ። ያነሣልኝ ወንድሜ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ ቤት ቀለበት አድርጎ የሚገባ የለም።»

«ይህን ለፖሊስ ነግረዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

መርማሪዋ ወደ ጓሮው በር ዞረች። «የጓሮው በር ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?»

«እኔ ጋ፣ የወንድሜ ልጅ ቤት፣ ራሱ ወንድሜ ጋ። ተማሪዋ የላትም፤ በፊት ለፊት ነው የምትገባው።»

«በዚያ ቀን የት ነበሩ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጸጉር ቤት። ጠይቁ።»

«ከዚያ በፊትስ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ?»

«እሱ ምን አገባው? ቤቴ ተኝቼ። ብቻዬን።»

ከዚያ ወደ ጋሽ ሚሊሜትር ልጅ ቤት ሄደች። ልጃቸው ፋርማሲስት ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ቀለበቱ ወደ አባቷ ስልክ፣ የአባቷ ስልክ ወደ እሷ ስለሚልክ ልባቸውን በስልኳ ትከታተል ነበር፤ ምቱ የሚዘል፣ የሚደናቀፍ ልብ ነበራቸው። ስልኩን ከፍታ ሰጠቻት። ያለፈውን ወር ሁሉ መርማሪዋ ቀን በቀን አገላበጠችው። የሥራ ቀን በሙሉ ከጠዋት ሁለት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ባዶ ነው። የሞቱበት ቀን ብቻ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ተሞልቷል።

«ምቱ በየደቂቃው ነው የሚደርስሽ?»

«አዎ። ያን ቀን ግን ማታ አሥራ ሁለት ከአርባ ስምንት ላይ ነው አንድ ላይ ግልብጥ ብሎ የመጣው። እራት እያቀረብኩ ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ደግሞ ልቡ ያን ዕለት አንዴ እንኳ አልዘለለም። ቀጥ ብሎ! ‹ተመስገን፣ ዳነልኝ› አልኩ። ሞቶ ነበር ለካ።»

መርማሪዋ ሰዓቱን መዝገቡ ላይ ጻፈች። «አባትሽ በዚያ ቀን ሌላ ጉዳይ ነበራቸው?»

«ባሌ ቀለበቱን በሚያስተዋውቅበት ዐውደ ርዕይ ላይ ሊናገር ነበር። ‹እውነቱን ነው የምነግራቸው› ብሎኝ ነበር። አልመጣም፤ ሥራ ይዞት ነው ብለን ተውነው።»

የልጅየዋ ባል፣ አማቹ፣ ቀለበቱን በሚሸጥበት ሱቁ ውስጥ ነው። መስታወቱ ላይ የጋሽ ሚሊሜትር ትልቅ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ «ሰዓቴን ጥዬ ቀለበት አደረግሁ» ይላል። ሰውዬው ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ አፉ የማይደክም ነው።

«እትዬ፣ የእጅ ሰዓት ዘመን አልፏል፤» አላት ሳትጠይቀው። «ሰዓት ይከብዳል፣ ሲተኙ ይቆረቁራል፣ በየቀኑ ቻርጅ ይለምናል። ቀለበት ሳምንት ይቆያል፤ ማድረግዎንም ይረሱታል።»

«ስልክ አጠገቡ ከሌለስ?»

«ምን ችግር አለ? ቆጥሮ ይይዛል፤ ስልኩን ሲያገኝ ያራግፋል።»

«ሰው ቢወድቅ ይጮኻል?»

አማቹ መስታወቱን በክርኑ ጠረገ። «እሱ… ሰዓቱ ነው ለቤተ ሰብ የሚደውል። ቀለበት መዝጋቢ ነው።»

«ሥራው ያው ነው፣ አንደኛው ሲጮህ ሌላው ዝም ይላል ማለት ነው። በዚያ ቀንስ የት ነበሩ?»

«መቶ ሰው ፊት! አዳራሹ ውስጥ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ተኩል። መድረክ ላይ ሰዓትም ቀለበቶችም አድርጌ ገመድ ዘለልኩ፤ የሰዓቱ ቁጥር ግድግዳ ላይ ይታይ ነበር። ቀለበቱም እኩል ነው የቆጠረው። ተቀርጿል፤ ይመልከቱት።»

«እመለከተዋለሁ፤» አለች። ተመለከተችውም። ከአዳራሹ የቪዲዮ ክፍል ስትወጣ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ለአለቃዋ ደወለች፤ ጮኸባት፤ መልሳ ጮኸችበት፤ በመጨረሻ እስረኛዋን ወደ ቶርኖ ቤቱ አስመጣላት።

ሁሉም ጓዳው ውስጥ ተጠጋግተው ቆሙ። ተማሪዋ በካቴና፣ ወንድምየው እጁን አጣምሮ፣ ልጅየዋ ባሏን ተደግፋ፣ አለቃውም ሰዓቱን እያየ። ልጅየዋ ተማሪዋን ስታይ «ነፍሰ ገዳይ! እንጀራ ያበላሽን አባቴን!» ብላ ጮኸች። ተማሪዋ አንገቷን ደፋች።

«ስድቡን አቆዪው፣ ልጄ፤» አለች መርማሪዋ። «እኔም ከጠዋት ጀምሮ የምሰድበው ሰው ስፈልግ ነው የዋልኩት። ነገሩ ከባድ አልነበረም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ጋሽ ሚሊሜትር ሥራ ላይ ቀለበት አያደርጉም። የእሳቸው ወንድም ጣት ለምን እንደጠፋ እዚህ ቤት የማያውቅ የለም። ይኸው ሥራው፣ ግማሹ ተቆርጦ። ሥራ ላይ ነበሩ። ታዲያ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቀለበቱን ያደረገው ማን ነው?»

መርማሪዋ በየተራ አየቻቸው።

«እሳቸው አይደሉም። የእሳቸው ልብ ቀን አይለይም፣ ይዘላል። ያን ቀን የተመዘገበው ልብ ግን ቀጥ ያለ፣ የጤነኛ ሰው ልብ ነው። ስለዚህ ጋሽ ሚሊሜትር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተዋል፤ ቀለበታቸው ደግሞ ሌላ ሰው ጣት ላይ በሕይወት ይዞራል።»

«ይቺው ልጅ አድርጋው ቢሆንስ?» አለ አለቃው።

«ስልኩ የት ነበር? እዚህ፣ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ። እሷ ከግድግዳው ማዶ፣ አሥር እርምጃ ላይ። እሷ አድርጋው ቢሆን ምቱ በየደቂቃው ይደርስ ነበር። የደረሰው ግን አሥራ ሁለት ከአርባ ስምንት ላይ፣ አንድ ላይ ነው። ቀለበቱ ከሰዓት በኋላውን ሩቅ ቦታ ዋለ፤ ማታ ተመለሰ። ተማሪዋ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ወጥታ ስትሄድ ጥበቃው አይቷታል። ከወጣች በኋላ በጓሮው በር አንድ ሰው ገብቶ ለሬሳው ቀለበት አጠለቀለት።»

ወንድምየው «ቁልፉ እኔም ጋ አለ» አለ በዝግታ።

«አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይም መስካሪ የለዎትም። ግን እርስዎ ይህን ቀለበት ሥራ ላይ ላለ ሰው አያጠልቁም። ይህን የሚሳሳት እግሩን ዘይት እንዳይነካው ብሎ እዚህ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሚስማር ላይ ሲያየው ጋሽ ሚሊሜትር ተናደው ያወለቁት መሰለው።» ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀት አወጣችና ወደ አማቹ ዞረች። «ፖሊስ ‹የጠብ ሰዓት› ብሎ ያሰመረበት ይኸውልህ። አሥራ አንድ ከሃያ ሁለት ላይ የሟቹ ቀለበት መቶ አርባ ቆጠረ። ከሃያ አምስት ላይ መቶ አሥራ ሰባት፤ ከሠላሳ አንድ ላይ ዘጠና ሰባት። ይህኛው ደግሞ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የታየው፣ አንተ ገመድ ስትዘል ሰዓትህ የቆጠረው ነው። በዚያው ደቂቃ መቶ አርባ አንድ፤ መቶ አሥራ ስምንት፤ ዘጠና ስድስት። እጅህ በናሙና ቀለበት ስለተሞላ አውራ ጣትህ ላይ ያለውን አንድ ትርፍ ቀለበት ማን ልብ ይላል? አሥራ ሁለት ከአምስት ላይ እጅህን ኪስህ ከተህ አወለቅኸው፤ መቶ ሰው እያየህ አማትህ ‹ሞቱ›። ሰዓትና ቀለበት እኩል ይቆጥራሉ ብለህ ነግረኸኛል አይደል? እኩል ቆጥረዋል።»

አማቹ አውራ ጣቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ልገድለው አይደለም፤» አለ። «ወደ ዐውደ ርዕዩ ልወስደው ነው የመጣሁት። ‹ባለፈው ሳምንት ወድቄ ቀለበትህ ጻፈው እንጂ ማንንም አልጠራም፤ ይህን ለሰዉ እነግራለሁ› አለኝ። ስንት ዓመት የለፋሁበትን! ገፋ ነው ያደረግሁት። በእግዚአብሔር፣ ገፋ ብቻ።»

«መግፋቱን አምንሃለሁ፤» አለች መርማሪዋ። «ይህችን ልጅ ስድስት ቀን እስር ቤት እያየህ ዝም ማለትህን ግን ምን እንበለው?»

ልጅየዋ ከባሏ ትከሻ ተላቀቀች። ፊቱን አይታ «እራት ላይ ነገርኩህ» አለች። «‹የአባዬ ልብ ዛሬ ቀጥ ብሎ ዋለ› አልኩህ። ለአንተ ልብ ነው ተመስገን ያልኩት? ሰምተህ ጎረስክ እኮ! አንድ ወር ሙሉ ስልኬ ላይ ሲያነክስ እያየሁ ሳለቅስለት የኖርኩትን ልብ አንዴ እንኳ ‹እንዴት ነው› ብለህ ጠይቀኸኝ ቢሆን፣ ቀን ቀን ባዶ እንደሆነ ታውቅ ነበር።»

እስረኛዋን ያመጡት ፖሊሶች ሰውዬውን ይዘው ወጡ። አለቃው የተማሪዋን ካቴና ራሱ ፈታው፤ «እንግዲህ… ስሕተት ያጋጥማል» አለ። መርማሪዋ ዞር ብላ አየችውና ዓይኑን ሰበረ።

ልጅየዋ ተማሪዋ እግር ላይ ልትወድቅ ተንደረደረች። «ይቅር በይኝ፣ እኅቴ። ሰው ፊት አዋረድኩሽ። በአባቴ ይሁንብሽ፣ ይቅር በይኝ!»

ተማሪዋ በሁለት እጇ ያዘችና አቆመቻት። የእጅ አንጓዋ ካቴናው ባረፈበት ቀልቷል። ስትናገር ቁጣም ልቅሶም አልነበረባትም፤ ደክሟታል።

«ልጄ ስድስት ቀን ሙሉ ‹እናትሽ ሰው ገድላ ነው› ሲሏት ከርማለች» አለች። «ይቅርታሽን በኋላ እሰማለሁ። መጀመሪያ አለመግደሌን እሷ ትስማ።»

በሩን ከፍታ ወጣች፤ መንገድ ላይ ስትደርስ መሮጥ ጀመረች።