የፉሪው ቦይ

አውሮፕላኗ ከሀና ማርያም በላይ አንድ ጊዜ ዞረች።

ራጉኤል ሣሩ ውስጥ ተንበርክኮ ከጋቢው ሥር ሬዲዮኑን አወጣ።

«ማገር ነኝ። መጥታለች።»

«የማረፊያ ምልክቱን ጨርቅ ሃምሳ እርምጃ ወደ ታች አውርደው፤» አለ ዋርካ። ማገር የእሱ፣ ዋርካ የአለቃው የሻለቃ ገሠሠ የምስጢር ስም ነው።

«እታች ቦይ አለ።»

«ጎማዋ ይያዝና ትቆማለች። ሰው አይጎዳም። አንተ ቦርሳውን ታመጣለህ።»

ሬዲዮኑ ተዘጋ።

ራጉኤል ሦስት ወር ሙሉ ፉሪ ላይ ፊደል ያልቆጠረ የቀን ሠራተኛ መስሎ ኖሯል። የሄርሜላ ወዳጆች አምነውት ማረፊያውን እንዲጠብቅ ቀጥረውታል። ሄርሜላ የገሠሠ ጸሐፊ ነበረች። የመንግሥት ምስጢር በቦርሳ ሰርቃ ወደ ደቡብ ኮበለለች ተብሎ ተነግሮታል። በየመንገዱ ፍተሻ ስላለ ዛሬ በአየር ትመለሳለች። ሁለቱ ነጭ የአቡጀዴ ጨርቆች ጠንካራው መሬት የሚጀምርበትን ለአብራሪው ያሳያሉ።

ቦዩን ራጉኤል ያውቀዋል። ጥቁር አፈር በመስከረም ውሃ ስለሚቋጥር ሽምብራ አያዘራም። ባለመሬቱ ኦቦ ሞልቱ በየዓመቱ ማሳውን ሰንጥቆ ውሃውን ያስወጣል። ዘንድሮ አብረው ቆፈሩት፤ እስከ ጉልበት። አሁን ሣርና አደይ ሸፍኖታል። ከላይ ለሚያይ ሜዳ ነው።

ጨርቆቹን አንስቶ ወደ ታች ሮጠ። ከቦዩ ወዲያ፣ አውሮፕላኗ በምትመጣበት በኩል አነጠፋቸው።

«አንተ ሰውዬ! አበድክ እንዴ?»

ሞልቱ ነው። አካፋውን ጥሎ በጭቃው እየተንቦጫረቀ መጣ።

«ቦዩን ረሳኸው? ትናንት ገብተህበት እንደ በሬ ጎትቼ ያወጣሁህን?»

«ኦቦ ሞልቱ፣ ይተዉት።»

«ሰው እኮ ነው ያለባት!»

ሽማግሌው አንዱን ጨርቅ አነሳ። ወደ ላይ ሊሮጥ ሲል ራጉኤል ወገቡን ያዘው።

«ልቀቀኝ! ልቀቀኝ ልጄ!»

አልለቀቀውም።

ጎማዎቹ ሣሩን ነኩ። ቦዩ የፊተኛውን ጎማ ዋጠው። ጅራቷ ተነሳ። ተገለበጠች።

አብራሪው ጆኒ ወዲያው ሞቷል። ሄርሜላ ቀበቶው ላይ ቁልቁል ተንጠልጥላለች። ራጉኤልን ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ቦርሳውን ለሚጠብቀኝ ዳኛ ስጥልኝ፤» አለች። «ለገሠሠ እንዳትሰጠው።»

ቦርሳውን ከፈተ። ታስረው የጠፉ ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የገሠሠ ፊርማ አለ።

የመንግሥት ምስጢር አልነበረም። የአለቃው አንገት ነበር።

የገሠሠ ላንድሮቨር መጣ። ገሠሠ ወርዶ ቦርሳውን ተቀበለ፤ ከዚያ ወደ ስብርባሪው ጎንበስ ብሎ ገባ። ጥቂት ቆየ። ሲወጣ ሄርሜላ አትተነፍስም።

«ሰው አይጎዳም ብለኸኝ ነበር፤» አለ ራጉኤል።

«አንተስ ቦይ አለ ብለኸኝ አልነበር?» ገሠሠ እጁን በመሐረብ ጠረገ። «እያወቅክ ነው ያነጠፍከው።»

ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሞልቱን ያያል። አቡጀዴው አሁንም እጁ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ምርመራ ተቀመጠ። ሞልቱ እጁን ታስሮ ጥግ ላይ ቆሟል። ሚስቱ ደራርቱ የራጉኤልን ጋቢ ጨበጠች።

«ልጄ፣ አንተ ነበርክ። ንገራቸው።»

ጸሐፊው ወረቀቱን ገፋለት። «ያልከውን ነው የጻፍኩት። ጣትህን አምጣ።»

ራጉኤል ቃሉን አልሰጠም ነበር። ዓይኑ በአንድ ጊዜ አነበበው። የአደጋው መንስኤ፤ ገበሬ ሞልቱ በማረፊያው ላይ ቦይ ቆፍሮ፣ ምልክቱን ሆን ብሎ በማንሳቱ።

ሞልቱ ከጥጉ ተናገረ።

«ጌቶቼ፣ አታቻኩሉት። ማንበብ አይችልም። መጀመሪያ አንብቡለት እንጂ።»

ማንም አላነበበለትም። ገሠሠ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

ራጉኤል አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ።

ደራርቱ ጋቢውን ለቀቀች።

ከሰዓት በኋላ ሳሪስ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ነበር። ኪሱ ውስጥ ሌላ ስም ያለበት መታወቂያ አለ። አውቶቡስ መጣ። አጠገቡ የቆሙ ሽማግሌ ክንዱን ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል። ታፔላው የት ይላል?»

ራጉኤል ታፔላውን አየው።

«እኔም ማንበብ አልችልም፣ አባቴ፤» አለና ገባ።