አምስት ደቂቃ በረዶ ላይ

ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ሴል ማሳደግና የሴሎቹን የውጭ ሽፋን ቀለም መቀባት ነው። ቀለሙ የሚቀባው በረዶ ላይ ነው። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አጥቦ ወዲያው ማይክሮስኮፕ ሥር። ከዘገየ ቀለሙ ሽፋኑን ትቶ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ያኔ ድካሜን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

ማይክሮስኮፑን የሚያሠራው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። መጀመሪያ ቀን የሴሎቹን ሳህን ይዤ ስሮጥ በሩ ላይ ተጋጨን።

«ቀስ በይ እንጂ እሜቴ፣ ሴሎችሽ እግር የላቸው!»

«ቀለሙ አይጠብቀኝማ!» ስለው ሳቀ። ሳቁን ወደድኩት፤ ምን እዋሻለሁ።

ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ የተቀባው ሽፋን በየሴሉ ዙሪያ የሚሠራቸውን አረንጓዴ ቀለበቶች አየን። ትከሻችን ሲነካካ ሁለታችንም አንርቅም። እሱ ቤታችን ሲመጣማ እናቴ እኔን ትረሳኛለች።

ከዚያ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘ። «ተጋብተን እንሂድ» አለኝ። እናቴ ታማሚ ናት፤ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። እስከ ዓርብ ላስብበት አልኩት።

ዓርብ ቀለሙን ጨምሬ ሳህኑን በረዶው ላይ እንዳስቀመጥኩ ገባ።

«ቁርጡን ንገሪኝ።»

«እማዬን ለማን ጥዬ?»

«ለምን እንጥላታለን? ይዘናት እንሂድ። ጠይቀሻታል?»

አልጠየቅኳትም። «እምቢ ትላለች» አልኩት። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት እኔ ነበርኩ፤ የማላውቀው አገር፣ የማላውቀው ኑሮ አስፈራኝ። እሱ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀ። እኔ ወለሉን አየሁ። ስንት ሰዓት እንደቆምን እንጃ።

«ውይ፣ ሳህኑ!» አለ በመጨረሻ።

በረዶው ውሃ ሆኗል። ሮጠን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግነው። አንድም ቀለበት የለም፤ ቀለሙ ገብቶ ሴሎቹ ውስጥ ነጠብጣብ ሆኗል።

«አይዞሽ፣ ሰኞ ሌላ ታዘጋጃለሽ» አለኝ።

ሰኞ አዘጋጀሁ። እሱ ግን ሄዷል።

እናቴ ስትጠይቀኝ «ሄደ» ብቻ አልኳት። በዓመቱ ማግባቱን ስሰማ ግን አልቻልኩም፤ እግሯ ሥር ተቀምጬ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት።

ፀጉሬን ዳሰሰችኝ።

«ሥራ ማግኘቱን ሲነግረኝ ይዞን መሄድ እንደሚፈልግ ገብቶኝ ነበር፣ ልጄ። ልብሴን ሸክፌ፣ ዛሬ ትጠይቀኛለች ነገ ትጠይቀኛለች እያልኩ ነበር እኮ።»

ሻንጣው አልጋዋ ሥር ነበር። ስከፍተው ከልብሶቿ በላይ የመድኃኒት ማዘዣዋ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ለመንገድ።