የአምባዛዎቹ ንጋት

ሥራ አስኪያጁ መስኮት በሌለው አዳራሽ ውስጥ፣ በሁለት የዓሣ ገንዳዎች መካከል በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። የአንደኛው ገንዳ የሲሚንቶ ጠርዝ ደም ነክቶታል። በገንዳዎቹ ውስጥ ያሉት አርባ ሺህ የአምባዛ ጫጩቶች ግን የሰው ሞት ምናቸውም አልነበረም፤ ተረጋግተው ይዋኛሉ።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል። የሰው ወሬ ሁሉ ያልፈዋል፣ ጠጠሩ ግን እሱ ዘንድ ይቀራል። ያን ጠዋት ሦስት ሰዎች ጠበቁት፤ የድርጅቱ ባለቤት፣ ኤሌክትሪሺያኑና ጫጩቶቹን የምታሳድገው የሟቹ ታናሽ እህት።

«ሁለት ሰዓት ላይ ስገባ መብራቱ በርቷል፣ እሱ ወድቋል» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ከዚያ በኋላማ እግሬ አውጪኝ ነው።»

«ንጋት ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር» አሉ ባለቤቱ። «በጨለማው አዳልጦት ነው። መብራቱ ሲመጣ ራሱ በራ፤ አለቀ።»

«እኔ ገና መምጣቴ ነው» አለች እህትየዋ። ዓይኗ ደርቋል።

ለሁሉም የሚመች ታሪክ ነበር። ወንፊት ወደ ገንዳው ጎንበስ ብሎ ዓሣዎቹን ቃኘ።

«ይሄ ማዞሪያ ምንድነው?» ከገንዳው አጠገብ ምሰሶው ላይ ያለውን እያሳየ ኤሌክትሪሺያኑን ጠየቀው።

«በእጅ እየዞረ መብራቱን ቀስ በቀስ የሚጨምር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አምባዛ ባንዴ ቦግ ሲልበት ይደነብራል፣ ከግድግዳ ጋር ይላተማል። ዓምና ተሳስቼ ቦግ አድርጌው ሬሳቸውን በባልዲ ነው የለቀምነው። እሷ ለሳምንት አላናገረችኝም!»

ወንፊት ሦስቱንም ገንዳው አጠገብ ሰበሰባቸው።

«ዛሬ ስንት ዓሣ ሞተ? አንድም። ስለዚህ መብራቱ ራሱ አልበራም። አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሞ፣ ሬሳው እግሩ ሥር እያለ፣ ማዞሪያውን በትንሽ በትንሹ ጨምሯል። እርስዎ ራሱ በራ አሉ፤ ማዞሪያ እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር። አንተ ደግሞ ትዕግሥቱ የለህም።»

ሦስተኛዋን መጥራት አላስፈለገውም።

«ወንድም ጋሼ ከዛሬ ጀምሮ ቀንም ማታም ይብራ፣ ቶሎ ያድጋሉ አለ» አለች። «ብርሃን ሲበዛባቸው እርስ በርስ ይበላላሉ አልኩት። ሳቀብኝ። ማዞሪያውን ላስለቅቀው ገፋሁት፤ ወድቆ ጠርዙ መታው። ልገድለው አልነበረም።»

«በጨለማው ትተሽው ብትሄጂ አዳልጦት ነው ብዬ መዝገቡን እዘጋው ነበር።»

«አውቃለሁ፤ እያበራሁም አውቅ ነበር። ግን እሱ መጥቶ ቦግ ያደርግባቸዋል» አለች ወደ ኤሌክትሪሺያኑ እያየች። «እነሱ ምን አጠፉ?»

ወንፊት በሃያ ዓመት ሥራው እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም። ሐቁን አግኝቶታል፤ ለማን እንደሚጠቅም ግን አላወቀም። ካቴናውን ሊያጠልቅላት ሲል እጇን ራሷ ዘረጋችለት።

ባለቤቱ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። «አሁን እነዚህን ማን ያሳድጋል? በቃኝ» አሉና ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞሩ። «ገንዳዎቹን ክፈታቸው፤ ውሃው ይፍሰስ።»

እህትየዋ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ውሃው በቱቦው ሲንዶቀዶቅ ሰማች። ለወንድሟ እምቢ ያለው እንባ ያኔ መጣ።