ከአንበሳው ጋር የጨፈረችው ጦጣ

ሟቹ ለተዋናዮቹ ልብስ መቀየሪያ በተሰጠቻቸው ጠባብ የመማሪያ ክፍል ወለል ላይ፣ የአንበሳ ለምዱን እንደለበሰ ተዘርግቷል። ማጅራቱን ተመትቷል። ከጎኑ የተንበረከከው ጅብ የአንበሳውን ትልቅ ጭንብል ታቅፏል። ጦጣዋ ከበሩ ላይ ሆና ቀድማ ያየችው ግን ሟቹን አይደለም፤ የጅቡን እጅ ነው። ጅቡ የእናቷ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ ነዋ!

«እታለም፣ ተኝቶ መስሎኝ ጭንብሉን ሳወልቅለት እንዲህ ሆኖ አገኘሁት!» አላት።

ጠዋት መኪና ውስጥ ሟቹ «ወደ ሌላ ቡድን ልሄድ ነው፤ ጦጣዋንም ይዣት እሄዳለሁ» ብሎ ነበር። ወንድሟ «እህቴን ከእኔ ነጥለህ? እገልሃለሁ!» ብሎ ጮኸበት። ወይ አፍ! ሰው በንዴት ስንቱን ይላል፤ የተዛተበት ሁሉ አይሞትም። ይኼኛው ግን ሞተ።

ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ ለሕፃናት የእንስሳት ተረት የሚያሳዩት አራት ብቻ ቀሩ፦ ጦጣዋ፣ ጅቡ፣ መጋረጃ የምትስበው ልብስ ሰፊ፣ እና ከመጋረጃ ጀርባ በማይክሮፎን የሚተርኩት አዘጋጁ ጋሼ። መርማሪዋ ስትመጣ አራቱም ግድግዳ ተደግፈው ነበር። ቀጭን፣ ሹራብ የደረበች ሴት ናት። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ጦጣዋን ያስፈራትም እሱ ነው፤ ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

«በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?»

«በመጨረሻው ጭፈራ። አብረን ጨፈርን።»

«ከዚያስ?»

«እሱ ወደዚህ ክፍል ገባ። እኔ ልጆቹን ልጨብጥ መድረክ ላይ ቀረሁ።»

«ከእሱ ቀጥሎ ማን ገባ?»

ምን ይዋጣት! ልትዋሽ አሰበች፤ አዳራሽ ሙሉ ሕፃንና መምህር ያየውን እንዴት ትዋሽ? «ወንድሜ» አለች። በገዛ አፏ ወንድሟን አሳልፋ የሰጠች መሰላት።

መርማሪዋ ጭንብሉን አንስታ ውስጡን በጣቷ ዳሰሰች። ጣቷ ነጭ ነገር ተለቅልቆ ወጣ።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የሕፃናት ፓውደር ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ላብ እንዳያሳክካቸው፣ ጭንብል ከማጥለቃቸው በፊት ውስጡን ይነሰንሱበታል። እሱ ግን... ኧረ እሱ አያስጠጋውም! አስም አለበት፤ ሽታው ያፍነዋል። የእሱን በጨርቅ የገበርኩለት እኮ ለዚህ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ጅቡ ዞረች። «አንተስ? አንበሳው ከመድረክ ወርዶ ለመጨረሻው ጭፈራ እስኪመለስ ድረስ የት ነበርክ?»

«አንበሳው ከመድረክ ሲያባርረኝ ሕፃናቱ መሀል ዘልዬ እቀመጣለሁ። ጨዋታው እንደዚያ ነው። እሱ ለማረፍ ይገባል፤ እህቴ ብቻዋን ትጫወታለች፤ እኔ ከልጆቹ ጋር ሆኜ እሰድባታለሁ።»

«ዛሬ ልጆቹ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ፣ ይጮሃሉ! አንዲት ሚጢጢ "ጋሼ፣ አንበሳው የት ሄደ?" እያለች ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ጋሼ ዝም አሏት። ሁልጊዜ ትረካውን አቁመው ይመልሱላቸዋል እኮ፤ የልጅ ጥያቄ አይናቅም ብለው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።»

መርማሪዋ ብቻዋን ወደ መድረኩ ሄዳ ቆይታ ተመለሰች። ከዚያ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሕፃናቱ አጫጭር ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተቀመጡ። ጦጣዋ የወንድሟን ክንድ ጨብጣ፣ መርማሪዋ አሁን ስሙን ትጠራለች፣ አሁን ትጠራለች እያለች ትጠብቃለች።

«ጭንብሉ ውስጥ ያለው ፓውደር በላብ ተለውሶ ሊጥ ሆኗል» አለች መርማሪዋ። «ፓውደር የነሰነሰ ሰው አጥልቆት ጨፍሯል። ሟቹ ደግሞ ፓውደር አያስጠጋም። አንቺ፣ ስትጨፍሩ ፊቱን አይተሻል?»

ጦጣዋ ክው አለች። «ጭንብሉን ነው ያየሁት። ሁልጊዜ በጭፈራው መሀል ቀልድ ሹክ ይለኛል። ዛሬ ትንፍሽ አላለም። በወንድሜ ተናዶ ነው ብዬ...» እጅ ለእጅ ተያይዛ፣ ጥርሷን እያሳየች የጨፈረችው ከገዳዩ ጋር ነበር!

«ስለዚህ የሞተው ከጭፈራው በፊት ነው፤ አንቺ መድረክ ላይ ብቻሽን ሳለሽ። ያኔ ወንድምሽ ሕፃናቱ መሀል ነበር። እትዬ ከመድረኩ ጫፍ ገመድ ይዘው ሁሉም ያያቸው ነበር። አንድ ሰው ብቻ አልታየም።»

«እኔ ስተርክ ነበር!» አሉ ጋሼ። «ድምፄን ሁሉም ሰምቷል!»

«ሰምቷል። ግን ድምፅዎ ለልጅቷ አልመለሰም። ከማይክሮፎኑ አጠገብ ያለው ማጫወቻ ውስጥ ትረካው ተቀድቶ አገኘሁት።»

«ጉሮሯቸውን ሲያማቸው የምንከፍተው ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። «ወይኔ ጋሼ! ድሮ አንበሳው እርስዎ ነበሩ!»

«ለዚህ ነው ጭፈራውን የሚያውቁት» አለች መርማሪዋ። «ቸኩለው ስለነበር እጅዎ የለመደውን አደረገ፤ ፓውደሩን ነሰነሰ። ጨፍረው ሲመለሱ ለምዱንና ጭንብሉን ለሟቹ አለበሱት።»

ጋሼ አቀረቀሩ።

«ቅጂውን የከፈትኩት እንዳይሄድ ልለምነው ነበር» አሉ። «"አርጅተዋል ጋሼ፤ ማንም እርስዎን አይጠይቅም" ብሎ ሳቀ። የመጋረጃው ብረት እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ልጆቹ "አንበሳ! አንበሳ!" እያሉ መጥራት ጀመሩ። ምን ላድርግ? ወጣሁላቸው። ዛሬ የጮሁት ለእኔ ነው።»

«ወንድሜን ሊያስበሉት ነበር እኮ!» ብላ ጦጣዋ ጮኸች። ጋሼ ቀና ብለው አላዩዋትም። ከመርማሪዋ ጋር የመጡት ፖሊሶች ይዘዋቸው ወጡ።

አዳራሹ ጭር ሲል ወንድሟ ክንዱን ከእጇ ቀስ አድርጎ አስለቀቀ።

«እታለም፣ ቅድም በሩ ላይ ቆመሽ ስታዪኝ... እኔ የገደልኩት መስሎሽ ነበር?»

በእናታቸው ልትምልለት አፏን ከፈተች። መሐላው አልወጣ አላት።

«ፈርቼ ነው» አለች እያለቀሰች። «አዎ፣ መስሎኝ ነበር።»

ወንድሟ ጥቂት አያት። ከዚያ ወንበሮቹን ተሻግሮ ብቻውን ወጣ።