በግልባጩ የተለጠፈው ማግኔት

ያንን የሊፍት ጠጋኝ መጀመሪያ ያየሁት ሊጣላኝ ሲመጣ ነው።

የጥገና ቤቴን በር በትከሻው ገፍቶ ገባና ከሊፍት የተፈታ ሴንሰር ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። «ሠርቷል ብለሽ የላክሽልኝ ይኼ ነው? ሞቷል! ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ላይ መቆም ትቶ ሰዎቹን እንደያዘ አልፎ ሄደ።»

«መጀመሪያ ደህና ዋልሽ ይባላል» አልኩት።

«ደህና ዋልሽ። ሞቷል።»

ሴንሰሩ ውስጥ ያለችው ጥፍር የማታክል ጥቁር ቺፕ ናት። ማግኔት ሲቀርባት ትበራለች፣ ሲርቃት ትጠፋለች። እሷ ሊፍቱ ላይ ትታሰራለች፣ ማግኔቶቹ በየፎቁ ይለጠፋሉ፤ ሊፍቱ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚህ ነው። ከባትሪ ጋር አገናኘኋትና የራሴን ማግኔት አስጠጋሁ። መብራቷ ቦግ አለ።

«ያንተን ማግኔት እንዴት አድርገህ ነው የለጠፍከው?»

«በሙጫ።»

«ሙጫውን ማን ጠየቀህ? በየትኛው ፊቱ?»

ይቺ ቺፕ የምታውቀው የማግኔቱን አንድ ፊት ብቻ ነው፤ ጀርባውን ቢያሳዩአት ከቁም ነገር አትቆጥረውም። አንገቱን አከከ፣ ከዚያ ሳቀ። በራሱ ላይ እንዲህ ከልቡ የሚስቅ ወንድ አይቼ አላውቅም። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ጀመር። ሰፈሩ እኔን «ሽቦ» ይለኛል፣ ቀጭን ነኝ፣ ነገረኛም ነኝ፤ እሱን «ሊፍቱ» አሉት። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የፀጉር ማድረቂያ አነሳና «ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል? ፀጉርሽ እንደሆነ እንዲህ ያለ ነገር ነክቶት አያውቅም» አለኝ።

«ፀጉሬን ተወው። ለቺፖቹ ነው። ሲሞቁ ሐሳባቸውን የሚቀይሩትን እለይበታለሁ።»

አንዷ ቺፕ ላይ የጋለ አየር እየነፋሁ ማግኔቱን ቀስ ብዬ አስጠጋሁ። በራች። ትንሽ ወደ ኋላ ሳብኩት፤ አልጠፋችም። የጠፋችው ገና ራቅ ሲል ነው።

«የምትበራበትና የምትጠፋበት ቦታ አንድ ቢሆን ኖሮ፣ ሊፍቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ብልጭ ድርግም ስትል ትውል ነበር» አልኩት። «በመካከላቸው ክፍተት አለ። አንዴ አዎ ካለች ለትንሽ ንቅናቄ ቃሏን አታጥፍም።»

የሚያየው ቺፗን አልነበረም። «እኔም አዎ ብያለሁ» አለ። «የጠየቀኝ ባይኖርም።»

ማድረቂያውን ማጥፋት ረስቼ እጄ ላይ ሲነፋ ቆየ።

እናቱ ዘንድ ሲወስደኝ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ሴትየዋ ከእግሬ እስከ ራሴ ገረመሙኝና «ልጄ፣ የት ነው የተማርሽው?» አሉ።

«ከተበላሹ ዕቃዎች ነው፣ እማማ።»

«ዲግሪ ማለቴ ነው።»

«እሱስ የለኝም። እጅና ጭንቅላት አለኝ፣ ሁለቱም ይሠራሉ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ልታገባት ነው እንዴ?»

ወለሉን አየ። «እ... ገና እየተዋወቅን ነው፣ እማዬ።»

ተነሳሁ። «እንግዲህ ደህና ይዋሉ። ልጅዎ ተዋውቆ ሲጨርስ ይንገርዎት።» በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት፤ ንዴቴን እንኳ ለእነሱ ልተውላቸው አልፈለግኩም።

በማግስቱ መጣ። ዓይኑ እንቅልፍ አላየም። «አፌ ተሳሰረብኝ። እወድሻለሁ እኮ።»

«እዚህማ ትላለህ።» ሥራዬን አላቆምኩም። «እነዚህ ቺፖች የየራሳቸው ማዳላት አላቸው፤ ማግኔት ሳይኖር ያለ የሚመስላቸው አሉ። ጥሩዎቹ ራሳቸውን አያምኑም። ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ አሳልፈው ይለካሉ፣ ከዚያ አቅጣጫውን አዙረው እንደገና ይለካሉ። የራሳቸው ስህተት አብሮ ይገለበጥና ሁለቱ ስህተቶች ይጠፋፋሉ። የሚቀረው የማግኔቱ እውነት ነው።»

«እና?»

«አንተን እዚህ ብቻ ነው የለካሁህ። ተነስ፣ እዚያ ደግሞ ልለካህ። አንዲት ቃል አልናገርልህም።»

እናቱ ቤት እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፣ እሱ ገባ። «እማዬ፣ ትናንት ዋሽቻለሁ። ላገባት ነው።»

«እንግዲያው ሠርግህ ላይ አልገኝም» አሉ።

እጁ ተንቀጠቀጠ። «ወንበርሽ ይጠብቅሻል። እኔ ግን አገባታለሁ።»

ደረታቸውን ያዙ። «አመመኝ፣ ገደልከኝ!»

ሮጦ ውሃ አመጣ፣ ትራስ ከጀርባቸው አደረገ፣ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። እስኪጠጡ ጠበቀ። ፊት ለፊት ዓይናቸውን እያየ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጠጪ፣ እማዬ። አገባታለሁ» አለ።

ደረጃውን ስንወርድ «ተለካሁ?» አለኝ።

«ተለካህ።»

እጁን ያዝኩት። አሁንም ይንቀጠቀጣል። ይንቀጠቀጥ! ቃሉ አልተንቀጠቀጠም።

ሠርጋችን ዕለት የፊተኛው ወንበር ባዶ ነበር። ሊቀመጥበት የመጣውን ሁሉ «ባለቤት አለው» እያልኩ ስመልስ የዋልኩት እኔው ሙሽራዋ ነኝ።