የበያጁ ብልቃጥ

ብልቃጡን ከሆዷ አጣብቃ በነጭ ጋዋኗ ሸፍናዋለች። ብርድ ካገኘው በውስጡ ያለው፣ ጀርባው ለተቃጠለው በያጅ ያደገ ቆዳ ይሞታል።

በልብስ ማጠቢያው ክፍል ማሽኖቹ ያጓራሉ። አሠማሪዋ «ጓንት» ከአንሶላ ክምር ጀርባ ይጠብቃታል። እሱ የሚያውቃት «ጭምት» በሚለው የምስጢር ስሟ ነው። የሆስፒታሉ ሰዎች ግን ለአራት ወራት የቤተ ሙከራ ተለማማጅ ትመስላቸዋለች።

«አመጣሽ?»

«በያጁ መሞቱን አረጋግጠሃል?»

«ትናንት ነገርኩሽ እኮ። የሞተ ሰው ቆዳ ለማን ይጠቅማል? በይ ስጪኝ።»

በሩ ተከፈተ።

«ጓንት» ጎንበስ አለ። ልብስ አጣቢዋ ጋሪዋን እየገፋች ገባች። «አንቺ ልጅ፣ ያ በያጅ ዛሬ በሳቅ ገደለኝ! ‹ከሰዓት አዲስ ጀርባ ልለብስ ነው፤ ካውያ እንዳታስነኪኝ› አይለኝም መሰለሽ?» አንሶላዋን ጭና ወጣች።

በያጁ በሕይወት አለ።

ፊቷ በኀፍረት ጋለ። አንድ ፎቅ ወጥታ በዓይኗ ማየት ትችል ነበር። አላየችም። ማመኑ ቀልሏት ነበር።

«ምን ይለውጣል?» አለ «ጓንት»፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሸሽ።

«ምንም። ግን ይሄኛው ገና አልደረሰም፤ የብልቃጡን ምልክት አሁን ነው ያየሁት። የደረሰውን ላምጣ፤ አሥር ደቂቃ ስጠኝ።»

«አሥር። ካለፈ ለእትዬሽ ማን እንደሆንሽ እነግራቸዋለሁ።»

ቤተ ሙከራው ስትደርስ፣ ኃላፊዋ እትዬ በተከፈተው ማሞቂያ ሣጥን ፊት ቆመው ነበር። ሥራውን ያስተማሯት እርሳቸው ናቸው። «ቆዳ ሳያቋርጥ ይታደሳል። ላዩ ይረግፋል፤ ከሥር ያሉት ግንደ ሕዋሳት እየተባዙ ይተኩታል። እሳት እነርሱን ከፈጃቸው ግን የሚተካ የለም» ብለዋት ነበር። ስለዚህም ከበያጁ ጭን ጥፍር የምታህል ጤነኛ ቆዳ ወስደው ሦስት ሳምንት በብልቃጥ አሳደጉለት። ተለማማጅ ደግሞ በገዛ ቆዳው ይለማመዳል። ከእርሷም ክንድ ምስር የምታህል ስስ ቆዳ ተልጣ ነበር።

«ወዴት ወሰድሽው?» አሏት፣ ባዶውን ቦታ እያሳዩ።

«ሣጥኑን ክፍት አገኘሁት። እንዳይበርደው ብዬ... ሆዴ ላይ ያዝኩት።»

ክዳኑን መረመሩ። አልተነካም። ግንባሯን ሳሟት።

«ተባረኪ፣ ልጄ። ሰውየውን አተረፍሽው።»

በጥፊ ቢመቷት ይሻላት ነበር።

ብልቃጡን ይዘው ሲወጡ፣ ከታችኛው መደርደሪያ የራሷን አነሣች። በዚያው ዘዴ፣ በዚያው ፈሳሽ ያደገ ነው። «ጓንት» የሚሸጥላቸው ገዢዎች የሚፈልጉት ዘዴውን ነው፤ ያገኙታል። እርሷንም ጭምር ያገኟታል። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ማንነቷ ተጽፏል፤ ከእንግዲህ ማንኛውም ሐሰተኛ ወረቀት አይሸፍናትም።

«ጓንት» ብልቃጡን ወደ መብራቱ አንሥቶ ከሥሩ የተነጠፈውን ስስ ሽፋን አየ።

«ጎበዝ።»

ተልእኮው ተፈጸመ።

ጋዋኗን ሰቀለች። በሠራተኞች በር ወጥታ አውቶቡስ ተሳፈረች። ማንም ልብ አላላትም። የላይኛውን ብረት ስትይዝ እጅጌዋ ተንሸራተተ። ቆዳዋ የተላጠበትን ቦታ በዓይኗ ፈለገች፤ ቀጥሎም በጣቷ ዳበሰች።

ድኗል። ምልክት እንኳ የለውም።

ለበያጁ ስትል የሰጠችውን የሚመሰክር ቢኖረው ትወድ ነበር። እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ሳበችው።